ሊኑክሴ አልነሳ ብሎኝ ያሳለፍኳቸው ሦስት ሌሊቶች

ይህን የምጽፈው እኔ የደረሰብኝ በሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው። ከደረሰም፣ ሦስቱ ሌሊት ቢያንስ ወደ አንድ እንዲያጥር። የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ቪዲዮ አቀናብራለሁ። በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ሲስተም፣ ሊኑክስን፣ ግን ለዓመታት ስለተጠቀምኩበት ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት ተርሚናል አያስፈራኝም። ጣጣው የመጣውም ከዚሁ ነው። ተርሚናል የሚፈራ ሰው እኔ የሠራሁትን ጥፋት ባልሠራ ነበር።

ላፕቶፔ ላይ ያለው ከዴቢያን ቤተሰብ የሆነ ሊኑክስ ነው። ዲስኩ ሙሉ በሙሉ በፓስወርድ የተቆለፈ ነው። ለቪዲዮ ሥራ የሚሆን ራሱን የቻለ የግራፊክስ ካርድ አለው፤ ካርዱን የማሠራው አምራቹ በሚያወጣው ዝግ ድራይቨር፣ ማለትም ኮዱ ለሕዝብ ባልተከፈተ ማሠሪያ ፕሮግራም፣ ነው። የተቆለፈው ዲስክና ዝጉ ድራይቨር ኋላ ላይ ስለሚመጡ ያዙልኝ። ትእዛዞቹን እዚህ እንደሚነገሩት ነው የምጽፋቸው፤ ተርሚናሉ ላይ በላቲን ፊደል እንደሚገቡ መቼም ታውቃላችሁ።

ነገሩ የጀመረው ማታ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ የማስረክበው ሥራ ነበረኝ። "አዲስ አፕዴት አለ" የሚለው ማሳሰቢያ ለሳምንታት ሲጨቀጭቀኝ ከርሟል። ያን ማታ ሬንደሩ ሲያልቅልኝ፣ በቃ ልገላገለው ብዬ ሁሉንም አዘምን አልኩት። ሌላ ነገር ስሠራ ቆይቼ ስመለስ ተርሚናሉ ጨርሶ ቆሟል። ከታች ሦስት አራት መስመር የስህተት መልእክት አለ። አላነበብኩትም። ዘጋሁት፣ ላፕቶፑን አጠፋሁ፣ ተኛሁ።

ያንን አራት መስመር ያን ማታ አንብቤው ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር።

ጠዋት ስከፍተው የዲስኩን ፓስወርድ እንኳ አልጠየቀኝም። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ተዘረገፈ፣ መጨረሻው ላይ "ከርነል ፓኒክ" ይላል፤ የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል መቀጠል አቃተው ማለት ነው። ዋናውን የፋይል ሲስተም ማግኘት አልቻልኩም ነው የሚለው፤ ቀጥሎ "አንኖውን ብሎክ" ብሎ በቅንፍ ሁለት ዜሮ አስቀምጧል። ወገቤ ቁርጥ አለ። ዲስኩ ሞተ፣ ሥራዬም አብሮ ሄደ አልኩ።

ዲስኩ ምንም አልሆነም ነበር። ይህ መልእክት ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ እኔ ላይ ግን የመጣው ከዲስክ ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ነው። ከርነሉ ሲነሳ ብቻውን አይነሳም። ኢኒትራምኤፍኤስ የምትባል ትንሽ ጊዜያዊ ሲስተም አብራው ትጫናለች። የተቆለፈውን ዲስክ መክፈቻ፣ ፓስወርድ መጠየቂያ፣ ለመነሳት የሚያስፈልጉ ሞጁሎች (የከርነሉ ተጨማሪ ክፍሎች)፣ ሁሉም እሷ ውስጥ ናቸው። እሷ ከሌለች ከርነሉ ደጃፍ ላይ ደርሶ ቁልፍ እንደሌለው ሰው ነው። የእኔ አዲስ ከርነል ይህ ፋይል አልተሠራለትም ነበር።

ለምን አልተሠራም? ይህን የተረዳሁት በሦስተኛው ሌሊት ነው፤ እናንተ ግን ከአሁኑ ብትይዙት ይሻላል። አዲስ ከርነል ሲጫን ከኋላው የሚሮጡ ትንንሽ ስክሪፕቶች አሉ። የሚሮጡት በላቲን ፊደል ተራ ነው። የግራፊክስ ድራይቨሩን ለአዲሱ ከርነል እንደገና የሚገነባው ዲኬኤምኤስ በዲ ስለሚጀምር ቀድሞ ይሮጣል። ኢኒትራምኤፍኤስን የሚሠራው በአይ ስለሚጀምር ከእሱ በኋላ ነው። የማስነሻ ዝርዝሩን፣ ማለትም ግሩብን፣ የሚያድሰው ደግሞ መጨረሻ ላይ እንዲሆን ሆን ተብሎ ስሙ በሁለት ዜድ ይጀምራል። ከመሀል አንዱ ከወደቀ ሰልፉ እዚያው ይቆማል። የእኔ ድራይቨር ከ6.5 ወደ 6.8 በዘለለው ከርነል ላይ መገንባት አቃተው። በእሱ ምክንያት ከኋላ የነበረው ሁሉ ቀረ። በዚያው አፕዴት ግሩብ ራሱም ታድሶ ስለነበር አዲሱ ከርነል ዝርዝሩ ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ ማሽኑ በጎደሎው ከርነል ለመነሳት ሞከረ። የስክሪን ድራይቨር ዲስክ እንዳይከፈት ሊያደርግ ይችላል ብሎ ማን ያስባል?

ዝግ ድራይቨር በከርነል ለውጥ የሚሰበረውም በምክንያት ነው። የከርነሉ ሠሪዎች በከርነሉ ላይ ለሚሠሩ ተራ ፕሮግራሞች ቃላቸውን አጥብቀው ይጠብቃሉ፤ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስም በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። የከርነሉን ውስጥ ግን በፈለጉት ጊዜ ይለውጡታል። ከከርነሉ ጋር አብሮ የሚኖር ድራይቨር ለውጡ ሲመጣ አብሮ ይስተካከላል። ከውጭ የሚመጣው ግን እስኪደርስበት መጠበቅ አለበት። የእኔው ድራይቨር አሮጌ ነበር። አዲስ ቅጂ ከወጣ ቆይቷል፤ ያልጫንኩት እኔ ነኝ።

ወደ ጠዋቱ ልመለስ። ሲደነግጡ የሚረሳ ነገር አለ፦ የድሮው ከርነል አብዛኛውን ጊዜ አልጠፋም። ማሽኑን ስትከፍቱ፣ ባዮስ በሚባለው የድሮ ማስነሻ በሚሠሩት ላይ ሺፍትን ተጭናችሁ ቆዩ፣ በአዲሶቹ ላይ ኤስኬፕን መታ መታ አድርጉ። የግሩብ ዝርዝር ይመጣል። "አድቫንስድ ኦፕሽንስ" የሚለው ውስጥ ስትገቡ የቀድሞው ቁጥር ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። እኔም አገኘሁት። 6.5ን መረጥኩ፣ ፓስወርድ ጠየቀኝ፣ ዴስክቶፔ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ መጣ።

እዚህ ላይ ቁጭ ብዬ ሥራዬን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጬ፣ ድራይቨሩን አስተካክዬ መጨረስ ነበረብኝ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ በድሮው ከርነል ስሠራ ዋልኩና ማታ ላይ "አሁን ደግሞ ያንን አዲሱን ላስነሳው" አልኩ። አልቸኩልም እያልኩ ነው የቸኮልኩት።

በሁለተኛው ሌሊት የሠራሁትን በዝርዝር የምነግራችሁ አፍሬ እያለሁ ነው። መጀመሪያ በስልኬ ፈልጌ ያገኘሁትን ትእዛዝ ሰጠሁ፤ ለአዲሱ ከርነል ኢኒትራምኤፍኤስ በእጅ ሥራ የሚል። "ዲስኩ ላይ ቦታ የለም" አለኝ። እንዴት? 300 ጊጋባይት ባዶ አለኝ! በኋላ እንደገባኝ፣ ዲስኩ ሲቆለፍ የማስነሻ ፋይሎቹ ያሉበት፣ ቡት የሚባለው ክፍል ሳይቆለፍ ይቀራል፤ መጠኑም ትንሽ ነው። ሦስት ከርነል ከነፋይሎቻቸው ሲጠራቀሙበት ሞልቷል። ዲኤፍ የሚባለው ትእዛዝ መቶ ከመቶ ብሎ ፊት ለፊቴ አስቀመጠልኝ።

መፍትሔው ቀላል መሰለኝ። ቡት ውስጥ ገብቼ ስማቸው ውስጥ 6.5 ያለባቸውን ፋይሎች በሙሉ በኮከብ ምልክት ጠርቼ በአርኤም ሰረዝኳቸው። ድሮ ናቸው፣ ምን ያደርጉልኛል ብዬ። ዩኔም ብዬ አሁን እየሠራሁበት ያለውን ከርነል ቁጥር እንኳ አላየሁም። 6.5 ነበር። ማሽኑ ደግሞ ምንም አላለኝም፤ ከርነል አንዴ ከተነሳ ሜሞሪ ውስጥ ስለሆነ ፋይሉ ቢጠፋም ሥራውን ይቀጥላል። ይህ ዝምታው ነው የሸወደኝ።

ቦታው ተለቀቀ፣ ኢኒትራምኤፍኤሱ ተሠራ፣ በደስታ ሪስታርት አደረግኩ። ፓስወርድ ጠየቀኝ። "አለፈ!" ብዬ ጮህኩ። ፓስወርዱን አስገባሁ። ስክሪኑ ጠቆረ። እንደጠቆረም ቀረ።

የሆነው ይህ ነው። ለአዲሱ ከርነል የዝጉ ድራይቨር ሞጁል አልተገነባም። ነጻው ድራይቨር፣ ኑቮ የሚባለው፣ ደግሞ ከዝጉ ጋር እንዳይጋጭ ታግዷል፤ ዝጉ ድራይቨር ሲጫን የሚያደርገው ነው። ካርዱን የሚያሠራው የለም ማለት ነው። እንግዲህ ወደ ድሮው ልመለስ ብዬ ግሩብን ከፍቼ 6.5ን ስመርጥ "ፋይሉ አልተገኘም፤ መጀመሪያ ከርነሉን ጫን" አለኝ። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ ፋይሉ ግን የለም። በገዛ እጄ ሰርዤዋለሁ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኼ ነው።

ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ወደሚያውቅ ጓደኛዬ ደወልኩ። ተኝቶ ነበር።

"መጨረሻ ላይ የሠራሽው ምንድን ነው?" አለኝ።

"ብዙ ነገር።"

"በተራ ንገሪኝ።"

መናገር አልቻልኩም። ከየት ገልብጬ ምን እንደጻፍኩ፣ የቱ ከየቱ እንደቀደመ ጠፍቶኛል። ትንሽ ዝም አለና "እሺ፣ እጅሽን ከኪቦርዱ ላይ አንሺ" አለኝ። "ሥራሽስ የት ነው ያለው?"

"እዚያው ውስጥ።"

"እንግዲያው ነገ መጀመሪያ እሱን እናወጣለን። ማሽኑ የትም አይሄድም። አሁን ተኚ።"

ተኛሁ ማለት አልችልም፤ ግን ኪቦርዱን አልነካሁም። ለእኔ ነገሩ የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው። በማግስቱ ሥራዬን ካወጣሁ በኋላ ልቤ ረጋ። የቀረው የተበላሸ ማሽን ብቻ ነው፤ ቢበዛ እንደ አዲስ ይጫናል። እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ደግሞ ስህተቱ ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ የምትወስዱ ከሆነ፣ ከጥገናው በፊት ፋይላችሁን አውጡ።

ለማውጣት ሊኑክስ የተጫነበት ፍላሽ ያስፈልጋል። የእኔ ማሽን ስለማይነሳ በእህቴ ላፕቶፕ ነው ያዘጋጀሁት። ይህ ፍላሽ አስቀድሞ መሳቢያ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ግማሽ ቀን ይተርፈኝ ነበር። በፍላሹ ከተነሳሁ በኋላ የተቆለፈውን ዲስክ በክሪፕትሴትአፕ ከፈትኩ፣ ውስጡ ያሉትን ክፍሎች አነቃሁ፣ ዋናውን ማውንት አደረግኩ፣ ማለትም ፋይሎቹ እንዲታዩ ከሲስተሙ ጋር አገናኘሁት። ፋይሎቼ ሁሉ እንዳሉ አሉ። ወደ ውጫዊ ዲስክ ስገለብጥ የምትሄደዋን አረንጓዴ መስመር ዓይኔን ሳልነቅል አየኋት።

ከዚያ ጓደኛዬ በስልክ መስመር ላይ ሆኖ "ምን እንደሆነ አንገምት፤ ተጽፎልሻል" አለኝ። እውነትም ተጽፏል። ቫር ውስጥ፣ ሎግ ውስጥ፣ ፕሮግራም በሚጭነውና በሚያወጣው መሣሪያ ስም አፕት የሚባል ፎልደር አለ። ሂስትሪ የሚለው ፋይል በየትኛው ቀንና ሰዓት የትኛው ፓኬጅ (የፕሮግራም ጥቅል) እንደገባና እንደወጣ በዝርዝር ይዟል። ተርም የሚለው ደግሞ ያን ማታ ተርሚናሉ ላይ የታየውን ቃል በቃል አስቀምጧል። ያላነበብኳቸው አራት መስመሮች እዚያ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል፦ ሞጁሉ ለ6.8 መገንባት አልቻለም፣ ዲኬኤምኤስ በስህተት ወጣ፣ የከርነል ፓኬጁ ሳይዋቀር ቀረ። በቃ ይኸው ነው። ሁለት ሌሊት የፈለግኩት መልስ አራት መስመር ነው። እኔማ ሳቄ መጣ።

አሁን ወደ ጥገናው። ዘዴው ክሩት ይባላል፤ በፍላሹ ተነስታችሁ ወደ ተበላሸው ሲስተም ውስጥ ትገቡና ከውስጥ ሆናችሁ ታስተካክላላችሁ። ሦስት ቦታ ላይ ልታስቡ ይገባል። አንደኛ፣ ዋናውን ክፍል ብቻ ሳይሆን ቡትንና ማሽኑ ሲበራ ግሩብን የሚያገኝበትን የኢኤፍአይ ክፍል በየቦታቸው ማውንት አድርጉ። ቡትን ከረሳችሁት አዲሱ ፋይል ባዶ ፎልደር ውስጥ ይጻፋል፤ ትእዛዙ "ተሳክቷል" ይላችኋል፣ ማሽኑ ግን አይነሳም። ሁለተኛ፣ ዴቭ፣ ፕሮክና ሲስ የሚባሉትን የሲስተም ፎልደሮች ከፍላሹ ስታያይዙ ረንንም ጨምሩ። እኔ እሱን ትቼ ኢንተርኔት እያለ አፕት አድራሻ ማግኘት አልቻልኩም እያለ ሲያሾፍብኝ ቆየ። አድራሻ ፈላጊው ፋይል ወደ ረን የሚያመለክት ስለሆነ ነው።

ሦስተኛው አንድ ዙር ሙሉ አስደግሞኛል። የተቆለፈውን ዲስክ ስትከፍቱ ስም ስጡት ይላችኋል። እኔ ያገኘሁትን ስም ሰጠሁት። ስም ነው፣ ምን ችግር አለው? አለው። ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ክሪፕትታብ የሚባል ፋይል አለ፤ እዚያ የተጻፈው ስምና እናንተ የሰጣችሁት ስም አንድ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ኢኒትራምኤፍኤስ ሲሠራ የዲስኩን መክፈቻ አያካትትም። ማስጠንቀቂያ ሰጥቶኝ ነበር። አሁንም አላነበብኩትም! ሪስታርት ሳደርግ ፓስወርድ ሳይጠይቅ ጥቂት ጠበቀና ኢኒትራምኤፍኤስ የሚል በቅንፍ የተጻፈ ቃል ፊት ለፊቴ አስቀምጦ ትእዛዝ ይጠብቃል። ጓደኛዬ በስልክ "ቅድም ዋርኒንግ የሚል ነገር አላየሽም?" አለኝ። ዝም አልኩት። እንደገና ከፍላሹ ጀመርን።

ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ሰልፉን ያቆመውን ማንሳት፣ ቀጥሎ የተንጠለጠለውን መጨረስ፣ ከዚያ የጠፋውን መመለስ።

ሰልፉን ያቆመው ድራይቨሩ ነው፤ ስለዚህ እሱ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ግን የተጫኑትን የድራይቨር ፓኬጆች ዘርዝሬ ስማቸውን ወረቀት ላይ ጻፍኩ፤ እንዲወጡ ያዘዝኩትም በስማቸው ነው። በኮከብ ምልክት ጠርጎ ማውጣት ይቻላል የሚል ምክር ታገኛላችሁ፤ አደገኛ ነው። ስሙ የሚመሳሰለው ሁሉ ይጠረጋል፤ በእሱ ላይ የተመሠረተውም ይከተላል። አፕት "እነዚህን አወጣለሁ፣ ልቀጥል?" ብሎ ሲጠይቅ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አንብቡ። የዴስክቶፓችሁ ስም እዚያ ውስጥ ካለ አይሆንም በሉ። ኤስ የምትለዋን ምልክት ብትጨምሩበት ደግሞ ምንም ሳይነካ የሚያደርገውን ብቻ ያሳያችኋል።

እንቅፋቱ ሲነሳ የተንጠለጠለው በሁለት ትእዛዝ አለቀ። ከአፕት ሥር ሆኖ ፓኬጆችን የሚጭነው ዲፒኬጂ በግማሽ የቀሩትን ሁሉ እንዲያዋቅር ታዘዘ፣ ቀጥሎ አፕት የተሰበረውን እንዲጠግን። አሁን ዲኬኤምኤስ የሚገነባው የለውም፤ ስለዚህ ሰልፉ አለፈ፣ ኢኒትራምኤፍኤሱም ተሠራ፣ ግሩብም ታደሰ።

በእጄ የሰረዝኩት የድሮው ከርነልስ? የሚገርመው አፕት መሰረዙን አያውቅም። እሱ መዝገብ ላይ "ተጭኗል" ነው የሚለው። በአርኤም መሰረዝ ክፋቱ ይህ ነው፤ ዕቃው ወጥቶ መዝገቡ እንደነበረ ይቀራል። ስለዚህ "ጫን" ማለት አይበቃም፤ "እንደገና ጫን" ማለት ያስፈልጋል። ከሁለቱ የ6.5 ቅጂዎች አዲሱን እንደገና ጫንኩት፣ አንዱን በሥርዓቱ በአፕት አስወጣሁት። ቡት ውስጥ ሁለት ከርነል፣ ሁለት ኢኒትራምኤፍኤስ፣ በቂ ባዶ ቦታ። ኤልኤስ ብዬ ሦስቴ አየሁት። አንድ በአንድ በጣቴ ቆጠርኩ።

ወጣሁ፣ ፍላሹን ነቀልኩ፣ አስነሳሁት። ፓስወርድ ጠየቀ። አስገባሁ። ስክሪኑ ጠቆረ። ልቤ ቀጥ አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... መግቢያው መጣ። ፊደሎቹ ትንሽ ገዘፍ ብለው ነበር፣ ነጻው ድራይቨር ስለሆነ። ግድ የለኝም። ከዚያ የበለጠ ያማረ ስክሪን አይቼ አላውቅም።

በነገራችን ላይ የሁለተኛው ሌሊት ጥቁር ስክሪን ለብቻው ቢሆን ኖሮ ፍላሽም አያስፈልገውም ነበር። ስክሪኑ ሲጠቁር ማሽኑ ሞተ ማለት አይደለም። ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ3ን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ብዙ ጊዜ በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ መግቢያ ይመጣል። ካልመጣ ግሩብ ላይ ከርነሉን መርጣችሁ ኢ የምትለዋን ፊደል ንኩ፣ ሊኑክስ በሚል የሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ ኖሞድሴት የሚል ቃል ጨምሩ፣ በኤፍ10 አስነሱት። ለዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ምንም አያበላሽም። እኔ ይህን ስለማላውቅ የማጥፊያውን ቁልፍ ተጭኜ እየያዝኩ ማሽኑን አራት ጊዜ በግድ አጥፍቼዋለሁ። ፓኬጅ እየተጫነ እያለ እንዲህ ብታደርጉ ደግሞ ሌላ መዘዝ ነው።

ድራይቨሩን ለመመለስ አልቸኮልኩም። ሥራዬን በነጻው ድራይቨር ቀስ እያለም ቢሆን ጨርሼ አስረከብኩ። ከዚያ ነው ወደ ዝጉ የተመለስኩት። መጀመሪያ ለከርነሌ የሚሆነውን ሄደርስ፣ ማለትም ሞጁል ሲገነባ የሚያስፈልጉትን የከርነሉን ፋይሎች፣ ጫንኩ፤ ዲኬኤምኤስ ያለ እሱ ሞጁል መገንባት አይችልም። ቁጥር ያለውን ሄደርስ ሳይሆን ከከርነሉ ጋር አብሮ የሚሄደውን አጠቃላይ ፓኬጅ ምረጡ፤ አለዚያ በሚቀጥለው ከርነል እንደገና ትቸገራላችሁ። ድራይቨሩን ከሲስተሙ የራሱ ማከማቻ ውስጥ አዲሱን ቅጂ ወሰድኩ። ከአምራቹ የሚወርደው መጫኛም ይሠራል፤ ሁለቱን መቀላቀል ግን አይሆንም። አንዱ የሌላውን ፋይል ይረግጣል፣ አፕትም ከእሱ ውጭ የገባውን አያውቀውም።

ሲክዩር ቡት፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሳ ያልተፈረመ ፕሮግራም የሚከለክለው ጥበቃ፣ የበራበት ማሽን ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ድራይቨሩ ሲጫን ፓስወርድ ፍጠሩ ይላችኋል። በሚቀጥለው ሪስታርት ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፤ እዚያ ላይ "ኢንሮል" የሚለውን መርጣችሁ ያንን ፓስወርድ ማስገባት አለባችሁ። ብዙ ሰው ይደነግጥና "ቀጥል" ብሎ ያልፈዋል። ያኔ ሞጁሉ ተገንብቶ እያለ ከርነሉ ፊርማውን አላውቀውም ብሎ አይቀበለውም።

አሁን አፕዴት ሳደርግ የማላልፋቸው ነገሮች አሉ። ሥራ ለማስረከብ ጥቂት ቀን ሲቀረኝ ከርነል አልነካም። ከመጀመሬ በፊት ቡት ላይ ቦታ መኖሩን አያለሁ፤ ከሌለ የድሮውን የማስወጣው በአፕት አውቶሪሙቭ ነው። ሲያልቅ የመጨረሻዎቹን መስመሮች አነባለሁ። ከዚያም ሪስታርት ከማድረጌ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ ዲኬኤምኤስ ስታተስ ስለው ለአዲሱ ከርነል "ተጭኗል" ይላል ወይ? ቡት ውስጥስ ለአዲሱ ከርነል ኢኒትራምኤፍኤስ አለ ወይ? ሁለቱም ካሉ አጠፋለሁ። ከሌሉ ማሽኑ እንደበራ ይቆያል። የበራ ማሽን ለመጠገን ቀላል ነው። ታይምሺፍትም ጭኛለሁ፤ ከእያንዳንዱ ትልቅ አፕዴት በፊት የሲስተሙን ቅጂ እይዛለሁ። ቅንብሩ ላይ ካልጨመራችሁት የግል ፋይላችሁን እንደማይይዝ ግን አትርሱ፤ የእሱ ባክአፕ ለብቻው ነው።

አንዳንዶች ከርነሉን እንዳይታደስ በአፕት ማርክ ሆልድ አስሮ መተው ይመክራሉ። ለሳምንት ሁለት ሳምንት፣ ድራይቨሩ እስኪደርስ፣ ጥሩ ነው። አስሮ መርሳት ግን የደኅንነት ማስተካከያዎችን ሁሉ እየዘጉ መኖር ነው። እኔ ካሰርኩ የማስፈታበትን ቀን ስልኬ ላይ እመዘግባለሁ።

በቅርቡ ደግሞ አዲስ ከርነል መጣ። ማታ ነበር። ሲጨርስ ከታች ያው የማውቀው መልእክት፦ ሞጁሉ አልተገነባም። በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ቡትን ከፍቼ አየሁ፤ የአዲሱ ኢኒትራምኤፍኤስ የለም። የድሮው አለ። ለጓደኛዬ ፎቶውን ብቻ ላክሁለት፤ "አጠፋሽው እንዴ?" ብሎ መለሰልኝ። "አላጠፋሁም" አልኩት። ላፕቶፑን ክዳኑን ሳልዘጋ፣ ቻርጀር ላይ ሰክቼ፣ መብራቱን አጥፍቼ ተኛሁ። ጠዋት አዲስ የድራይቨር ቅጂ ማከማቻው ውስጥ ገብቶ ነበር።